በልኬ የተቆረጠ የገና ዱላ

ሰው ጫማ ሲገዛ ቁጥሩን ይናገራል፤ ሱሪ ሲያሰፋ ወገቡን ያስለካል። ዱላ ሲመርጥ ግን አንስቶ መዘን ያደርግና፣ አንድ ሁለት ጊዜ መሬቱን ወጋ ወጋ አድርጎ «ይሁን» ብሎ ይሄዳል። እኔም አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ከነዚህ «ይሁን» ባዮች አንዱ ነበርሁ። ዱላም እንደ ሱሪ ልክ እንዳለው፣ ልኩን ያልጠበቀ ዱላ ከጠበበ ሱሪ የባሰ ጉድ እንደሚያመጣ ያወቅሁት ባለፈው ገና ነው። ሱሪ ቢጠብባችሁ ያየ ሰው ይስቃል እንጂ ጉልበቱ አይሰበርም።

ነገሩን ያመጣው አፌ ነው። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ባለቤቴን ስንዱን ሳገባ፣ በመልሱ ቀን ታች ጋይንት አማቴ ቤት ተቀምጠን የገና ጨዋታ ወሬ ተነሣ። አማቴ አባባ ሞላ በአገሩ የታወቁ የገና መቺ ናቸው። ሰው ሁሉ እከሌ ሩሯን ከማዶ አደረሳት፣ እከሌ በአንድ ምት ወንዝ አሻገራት ሲል፣ እኔ ዝም ብዬ ጠላዬን ብጠጣ ምን ነበረበት? አዲስ ሙሽራ ግን ዝም ማለት አይሆንለትም። «እኛም እስቴ ሩር ስንለጋ አገር ቆሞ ነበር የሚያየን» አልሁ።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ። አገር ቆሞ ያይ የነበረው ሌሎቹን ነው። እኔም ከአገሩ ጋር ቆሜ አያቸው ነበር። ሩሯ ሳማ ውስጥ ስትገባ ብቻ «አንተ ግባና አውጣት» ይሉኛል፤ እገባለሁ፣ ሰውነቴ እየነደደ ይዣት እወጣለሁ። በገና ጨዋታ የነበረኝ ሹመት ይኸው ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ አሁን ሁለቱም ደርሶብኛል።

ታኅሣሥ እንደ ገባ፣ ንፋስ መውጫ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ሳልወጣ ስልኬ ጠራ።

«መምህሬ፣ እንዴት ሰነበትህ» አሉ አባባ ሞላ። አባባ ሞላ በስልክ ሲያወሩ ስልኩ ባይኖርም ድምፃቸው ከታች ጋይንት የሚሰማ ይመስለኛል። «ዘንድሮ ገና ልንጫወት ነው።»

«ደስ ይላል አባባ።»

«ከታች ቤት ሰው ጎደለን። ጎበዛዝቱ ለሥራ አገር ለቀው ወጡ። እኔ አንተን ቆጥሬሃለሁ።»

«እኔን?»

«አገር ቆሞ ያየው የነበረውን ሰው ትቼ ማንን ልቁጠር?»

አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሰውየው አምና የት ማሳ ላይ ባቄላ እንደ ዘሩ ሊረሱ ይችላሉ፤ ይህችን ግን አልረሷትም።

እምቢ እንዳልል የሚያደርግ ሌላ ነገርም ነበረ። የዚያ ሰፈር ሰዎች «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተባብለው ተከፍለው ገና ከተጫወቱ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። በመጨረሻው ጨዋታ አባባ ሞላ ሩሯን ሲለጉ ሳቱና የላይ ቤቱን አለቃ የአያ ተገኘን ጉልበት አገኙት። አያ ተገኘ የአገሩ ወጌሻ ናቸው። የስንቱን ወለምታ ያቀኑ ሰው፣ ያን ቀን የገዛ ጉልበታቸውን ራሳቸው አሽተው ራሳቸው አሰሩ። ይህ ሁሉ ያልፍ ነበር። ያላለፈው ቃሉ ነው። አባባ ሞላ ሊጠይቋቸው ሄደው፣ ይቅርታ በማለት ፋንታ «ምን ላድርግ፣ ጉልበትህ ሩር መሰለኝ» አሏቸው። ቤት ሙሉ ጠያቂ ሳቀ። አያ ተገኘ አልሳቁም። ከልጅነት ጀምረው አብረው ያረሱ፣ አብረው የዳሩ፣ አብረው የቀበሩ ሁለት ባልንጀሮች በዚህች አንዲት ቀልድ ተለያዩ። ጨዋታውም ቀረ።

ባለፈው ክረምት የንስሐ አባታቸው ሁለቱን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አቁመው አስታረቋቸው፤ ገናውም እንዲመለስ አዘዙ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ንግግሩ ግን አልተመለሰም። የእግዜር ሰላምታ እንኳ በሰው ነው የሚላላኩት።

ስንዱ ነገሩን ባጭሩ አስረዳችኝ። «ዘንድሮ የማንም ጉልበት ቢነካ፣ ጥፍር እንኳ ቢነቀል፣ ዳግመኛ የሚያስታርቃቸው አይገኝም። አንተ ደግሞ ትንኝ ስትመታ እንኳ የምታገኘው ራስህን ነው።»

እኔ የማስተምረው ፊዚክስ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ ጉልበት ስጽፍ ኖሬ፣ የሰው ጉልበት ያሳስበኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የማይችል ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ዕቃ መግዛት ነው። ስለዚህ ገበያ ወጣሁ። ዱላ ሻጩ ፊት ለፊት ከተደረደሩት መካከል አንዱ ገና ከሩቅ ጠራኝ፤ ረጅም፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ መያዣው ላይ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ጫፉ ቆልመም ያለ።

«ለምን ፈልገኸው ነው?» አለ ሻጩ።

«ለገና።»

«ለመጫወት ነው ለማየት?»

«ለመጫወት።»

«እንግዲያው እሱን ተወው። እሱ ሽማግሌ ዳኝነት ተቀምጦ አገጩን የሚያስደግፍበት ነው።»

ሸቀጡን አትግዛ የሚል ነጋዴ በሕይወታችሁ ስንት ጊዜ አጋጥሟችኋል? እኔ አንድ ጊዜ አጋጥሞኝ አልሰማሁትም። እግዜር ይስጠው፣ የእሱ ጥፋት አይደለም። ቤት ወስጄ ሳወናጭፈው በመጀመሪያው ምት አምፖሉን አገኘሁት። አምፖል ተቀይሮ ሁለተኛ ስሞክር የቁም ሣጥኑን መስተዋት ለጥቂት አተረፍሁት። ስንዱ በሩን ከፍታ፣ በእጇ ብቻ፣ ወደ ውጭ አመለከተችኝ።

በማግስቱ ዱላውን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድሁ። የስፖርት መምህራችን መስፍን የወገዳ ልጅ ነው፤ የማያውቀው ጨዋታ የለም፣ የማያውቀውም ካለ በስልኩ ያየዋል። ጭንቀቴን ስነግረው ደስታው ልክ አልነበረውም። እጄን ይዞ አስቀመጠኝና ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎች አሳየኝ። ነጭ ሱሪ የለበሰ አንድ ሰው ቆሞ ዙሪያውን ይለኩታል።

«አየህ» አለ መስፍን፣ «እነዚህ ሰዎች ዱላ ዝም ብለው አይገዙም። ቁመትህ ይለካል። ከእጅህ አንጓ እስከ መሬት ይለካል። የምታወናጭፍበት ፍጥነት ይለካል። በፍጥነቱ ልክ ዘንጉ ደረቅ ይሁን ተለማጭ ይሁን ይወሰናል። ኃይለኛ መቺ ደረቅ ዘንግ ይይዛል። ቀርፋፋው ተለማጭ።»

«እኔስ?»

«እስቲ ምታ።»

በባዶ ሜዳ አየሩን መታሁ። በስልኩ ቀረጸኝ፤ ከዚያ አዝግሞ አሳየኝ። እናንተ ራሳችሁን ዱላ ስታወናጭፉ አዝግሞ ከማየት እግዜር ይሰውራችሁ። አፌ ተከፍቷል፣ ዓይኔ ተጨፍኗል፣ አንድ እግሬ ወደ ላይ ቤት፣ አንዱ ወደ ታች ቤት ይሄዳል።

መስፍን ቪዲዮውን ሁለቴ መልሶ አየው። «ተለማጭ» አለ በመጨረሻ። «በጣም ተለማጭ።»

ተለማጭ ከተባለ ከሽመል የሚለመጥ ምን አለ? አናጢ ዘንድ ሄደን ቀጭን ሽመል አስመረጥን፤ ጫፉ ላይ ከባሕር ዛፍ የተጠረበ ቆልማማ ራስ በምስማር አስመታን። መስፍን እንደ ሐኪም ከአንጓዬ እስከ መሬት ለክቶ ትርፉን አስቆረጠ። ስይዘው እውነትም ቀለለኝ። በዕረፍት ሰዓት ሜዳው መሐል አሮጌ ኳስ አስቀምጠን፣ ተማሪው ዙሪያውን ከብቦ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ አወናጨፍሁት።

ኳሱ ካለበት አልተነቃነቀም። ሽመሉ እጄ ላይ ይርገበገባል። የዱላው ራስ ግን ከዚያ የለም። ሁላችንም ወደ ሰማይ ስናይ፣ ከአስተዳደሩ ቢሮ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ የተመታበት ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ተንከባሎ የወረደበት። ርእሰ መምህሩ ውስጥ ወላጆችን ሰብስበው ስለ ሥነ ሥርዓት ይናገሩ ነበር። የዱላዬን ራስ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወጡ።

«ይህ ራስ የማን ነው?» አሉ።

ተማሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ርእሰ መምህሩ ራሴን አዩ፣ የዱላውን ራስ አዩ፣ ሁለቱን ያመዛዘኑ መሰለኝ። «መምህር፣ ቅዳሜ አገርዎ ሄደው እዚያ ቢለማመዱ አይሻልም?» ብለው ራሱን መለሱልኝ። ወላጅ ፊት አላዋረዱኝም። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ቅዳሜ በጠዋት ቀዩን ዱላ ይዤ ከስንዱ ጋር በሚኒባስ እስከ አርብ ገበያ ከተማ ወረድን፤ ከዚያ በእግር አማቴ ቤት። ገብሱ ተሰብስቦ፣ አውድማው ላይ ውቂያ ነው። አባባ ሞላ መንሻቸውን አስቀምጠው ዱላውን ተቀበሉኝ። አገላብጠው አዩት።

«ደህና መወርወሪያ አመጣህልን» አሉ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ወዲያው ወስደው በሩን በውስጥ በኩል ዘጉበት፤ ልክ ሆነ። ያ ዱላ ለዚያ በር የተፈጠረ ነበር።

ከዚያ ከግድግዳው ላይ አንድ የወይራ ዱላ አወረዱ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጉጡ የተቋጠረ። ዘጠኝ ዓመት ከተሰቀለበት አልወረደም ነበር። የትኛው ዱላ እንደ ሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ስንዱ ስታየው ፊቷን አዞረች። «በዚህ ምታ» አሉኝ፣ ወደ ታጨደው ማሳ እየወሰዱኝ።

ሩሯ ከእንጨት ተጠርባ ጠፍር የለበሰች ናት። ቃርሚያው ላይ አስቀመጧት። እግሬን ከፈትሁ፣ ወይራውን በቀኝ በኩል እስከ ማጅራቴ አነሣሁና ለቀቅሁት። ዱላው ሄደ። እጄም አብሮ ሄደ። ትከሻዬ ግን አልሄድም ብሎ ቀረ። አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁና ቃርሚያው ላይ ተንበረከክሁ። ሩሯ ከቦታዋ ሆና ታየኛለች።

አባባ ሞላ ትከሻዬን ነካ አደረጉ፤ ጮኽሁ። ጤና ጣቢያው ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ወጌሻው ከወንዙ ማዶ ነው። አባባ ሞላ ማዶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ማዶውን አዩ። ፊታቸው ላይ ዘጠኝ ዓመት ሲመላለስ አየሁት።

«ና እንሂድ» አሉ በመጨረሻ።

አባባ ሞላ እስከ አያ ተገኘ አጥር ድረስ ደግፈው አደረሱኝ። ከዚያ ቆሙ። «ግባ። እኔ እዚህ ነኝ።»

አያ ተገኘ ከበረንዳቸው ሥር ድንች ይለቅሙ ነበር። ቀጭን ናቸው፤ አንድ እግራቸው አይታጠፍም። እኔን ቁጭ አድርገው ልብሴን አስወለቁና ወደ አጥሩ ተመለከቱ።

«ከአጥሩ የቆመው ማን ነው?» አሉ፣ አሥር እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ የቆሙትን ሰውዬ ፊት ለፊት እያዩ።

«አባባ ሞላ ናቸው።»

«ግባ በለው።»

ወደ አጥሩ ዞርሁ። «ይግቡ ይላሉ።»

«እዚህ ይመቸኛል በለው።»

ተመልሼ ዞርሁ። «እዚያ ይመቸኛል ይላሉ።»

«እንደ ወደደ በለው።»

ልዞር ስል ትከሻዬ አመመኝና ቀረሁ። ሁለቱም ሰምተዋል።

አያ ተገኘ በአውራ ጣታቸው ትከሻዬን እንደ ዳዊት ገጽ አንድ በአንድ ገለጡት። እጃቸው እንደ ቅርፊት ሻካራ ነው፤ አዳሰሳቸው ግን ሕፃን እንደ ማባበል ነው። «አልወለቀም» አሉ። «ተቀይሟል።»

«ትከሻ ይቀየማል?»

«ያለ አቅሙ ሲያዙት ይቀየማል። ሲያባብሉት ደግሞ ይመለሳል።» ድምፃቸውን ወደ አጥሩ ከፍ አደረጉ። «ከሰው ይሻላል።»

ከአጥሩ በኩል ሳል ተሰማ።

«በምን መትተህ ነው?» አሉኝ።

«በአባባ ሞላ ወይራ።»

እጃቸው አንድ አፍታ ቆመ። «አውቀዋለሁ እሱን ዱላ» አሉ። «ተዋውቀናል።»

አሽተው፣ በጨርቅ አስረው ሲጨርሱ፣ ልነሣ ስል ሳይናገሩ ከቁናው አንድ ድንች አንሥተው ወረወሩልኝ። ቀለብሁት። ሌላ ወረወሩ፤ ቀለብሁ። ሦስተኛውን በቀኜ በኩል አርቀው ወረወሩት፤ እሱንም አሻግሬ ቀለብሁት።

«በየትኛው እጅህ ነው የቀለብኸው?»

እጄን አየሁት። ግራዬ ነው። ሦስቱንም ድንች የቀለብሁት በግራ እጄ ነው። የቀኙ ስለታመመ ነው ልል ነበር፤ ግን ትዝ አለኝ። ፊደል ስቆጥር በግራ እጄ እየጠቆምሁ የኔታ እጄን በልምጭ ያሉኝ፣ እናቴ ግራ እጄን ከገበታ ላይ እየመለሰች «በጌታ ቀኝ ብላ» ያለችኝ ሁሉ መጣብኝ። ቀኝ የሆንሁት ተቀጥቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ግራኝ መሆኔን ከሰው ደብቄ፣ በኋላም ከራሴ ደብቄ ረስቼው ነበር።

«አንተ ሰው፣ ዕድሜህን ሙሉ በሌላ ሰው እጅ ነው የምትመታው» አሉ አያ ተገኘ።

ከዚያ የሆነውን መስፍን ቢያየው ስልኩን ጥሎ ይመጣ ነበር። አቆሙኝ። ሂድ አሉኝ፤ ና አሉኝ። ጫማዬን አስወልቀው ተረከዙ በየት በኩል እንዳለቀ አዩ። ዝቅ ብለህ ድንቹን አንሣ፣ ወርውር፣ እንደገና አንሣ አሉኝ። ገመድ ቆርጠው ከግራ እጄ አንጓ እስከ መሬት ለኩና ቋጠሩበት። አፌ ተከፍቶ እንደሆነም አዩ፤ «ስትመታ ትንፋሽህን አትያዝ» አሉኝ። ስልክ የለም፣ ቁጥር የለም። ሁለት ትንንሽ ዓይኖች ብቻ፣ ሥጋን አልፈው አጥንት የሚያዩ።

«የገና ዋዜማ ና። ዱላ ቆርጬ እጠብቅሃለሁ።»

«እርስዎ እኮ የላይ ቤት አለቃ ነዎት አያ ተገኘ» አልሁ። «እኔ በታች ቤት ነኝ። ለባላጋራ ዱላ ይቆርጣሉ?»

«የምቆርጠው ለጉልበቴ ብዬ ነው» አሉ። «ልኩን ያላገኘ ዱላ የያዘ ሰው ወዳጅና ጠላት አይለይም።»

ንፋስ መውጫ ተመልሼ ሁለት ሳምንት በግራ እጄ ጥርሴን ስፍቅ፣ በግራ እጄ ሰሌዳ ስጠርግ፣ በመጥረጊያ እንጨት የካልሲ ጥቅልል ስመታ ሰነበትሁ። ትከሻዬ ቀስ በቀስ ታረቀኝ። ስንዱ አምፖሎቹን ሁሉ አውልቃ አስቀምጣ ነበር፤ በሳምንቱ አንዱን መለሰች። ይህን እንደ ሽልማት ቆጠርሁት።

በዋዜማው አያ ተገኘ ዱላዋን ሰጡኝ። ከክትክታ የተቆረጠች ናት፤ ቀጭን፣ ቀላል፣ ግን የማትታጠፍ። ቆልማማ ራሷ ከእንጨቱ ጋር አብሮ የበቀለ ነው፤ ምስማር የለ፣ ሙጫ የለ። ፊቷ ለግራ እጅ እንዲሆን በአንድ በኩል ተስተካክሎ ተልጓል። በእሳት ተለብልባ ቅቤ ጠጥታለች። «እኛ እየጾምን እሷ ቅቤ ስትጠጣ ሰነበተች» አሉ አያ ተገኘ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። ስይዛት ምን እንደ ተሰማኝ መናገር ያስቸግረኛል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያነክስ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጫማው ውስጥ የነበረውን ጠጠር ቢያወጡለት እንዲያ ይመስለኛል። እጃቸውን ልስም ዝቅ ስል «ትከሻህን ተጠንቀቅ» አሉኝ።

አባባ ሞላ ቤት ስደርስ ዱላዋን ከእጄ ተቀበሉ። መዘኗት። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ጠመንጃ አነጣጥረው አዩባት። ነቀፋ እየፈለጉ እንደ ሆነ ያስታውቃል። ጨለማው ወዳለበት ግድግዳ ዞረው «ትንሽ ቀለለች» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ አሁንም ለግድግዳው፣ «እጁስ እጅ ነው» አሉ።

የገና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው ሜዳ ወጣ። ላይ ቤት ከወዲያ፣ ታች ቤት ከወዲህ። ሩሯን ከባላጋራ ድንበር ያሳለፈ ያሸንፋል። አባባ ሞላ ሰው ሲመድቡ እኔን ከሁሉ ኋላ አቆሙኝ። «ሩሯ ወደ አንተ ካልመጣች አትሂድ» አሉኝ። «ከመጣችም አስብበት።»

ከማስበው ጊዜ ይልቅ የምጸልየው በዛ። ጎበዙ ሲራወጥ፣ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ፣ አቧራው ሲነሣ፣ እኔ የማየው ጉልበት ብቻ ነው። ስንት ጉልበት በዚያ ሜዳ ላይ አለ መሰላችሁ። ላይ ቤት አንድ አገባ፣ ታች ቤት አንድ መለሰ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከዚህ በኋላ ያገባ አሸነፈ ተባለ። ጥቂት ቆይቶ ሩሯ ከአቧራው ውስጥ ብቻዋን ወጥታ፣ ሰው እንደ ፈለገች ሁሉ እየተንከባለለች መጥታ እግሬ ሥር ቆመች።

ቀና ስል ሜዳው ባዶ ነው። ጎበዛዝቱ ሁሉ በግራ በኩል ተጨናንቀዋል። በእኔና በላይ ቤት ድንበር መካከል አንድ ሰው ብቻ ቆሟል፤ አያ ተገኘ፣ በማይታጠፈው እግራቸው። ከኋላዬ ታች ቤት ሁሉ «ምታ» ይለኛል። አባባ ሞላን ዞሬ አየኋቸው። ምታ አላሉም፣ አትምታም አላሉም። ፊታቸው አመድ መስሏል።

ወደ ዱላዋ አየሁ። ዱላዋ በቀኝ እጄ ናት፤ ፍርሃት ሲይዘኝ ተቀጥቼ ወደ ለመድሁት እጅ ተመልሻለሁ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉ አያ ተገኘ ከፊት ለፊቴ፣ እንደ ወጌሻ፣ ባላጋራ መሆናቸውን ጨርሰው ረስተው። «ወደ ግራ አዙራት። ትከሻህን ጣል። ተንፍስ።»

አዞርኋት። ትከሻዬን ጣልሁ። ተነፈስሁና ለጋኋት።

ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ደረቅ ግንድ በመጥረቢያ እንደ ተፈለጠ ያለ፣ ንጹሕ። ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ሩሯ የት እንደ ሄደች አላየሁም። ስገልጥ መጀመሪያ የፈለግሁት የአያ ተገኘን ጉልበት ነው። እንደ ቆመ ነው። ሩሯ በአጠገባቸው ዝቅ ብላ አልፋ ድንበሩን ተሻግራ፣ ወዲያ ማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታለች።

ታች ቤት ተነሥቶ ወረደብኝ። ላይ ቤት ደግሞ አለቃው ላይ ወረደ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሠለጠኑት» ይላቸዋል። በዚህ መሐል አባባ ሞላ ሜዳውን ሲያቋርጡ ሰው አያቸውና ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ወደቀ። ቀጥ ብለው ሄደው አያ ተገኘ ፊት ቆሙ።

«ጉልበትህን አልነካህም?» አሉ።

«አልነካኝም።»

አባባ ሞላ ወደ መሬት አዩ። ያ ድምፃቸው እንዲያ ዝቅ ሊል እንደሚችል አላውቅም ነበር። «ያን ጊዜ ቤትህ የመጣሁ ዕለት … ያን ቃል የተናገርሁት አፍሬ ነው። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው። ስበድልህ ሳላውቅ ነበር፤ ስቀልድብህ ግን እያወቅሁ ነው። ይቅር በለኝ።»

አያ ተገኘ በማይታጠፈው እግራቸው አንድ እርምጃ ቀረቧቸው። «ሞላ» አሉ፣ «ይህችን ለመናገር ዘጠኝ ዓመት ፈጀህ?»

«ምላሴ ተቀይሞ ነው» አሉ አባባ ሞላ።

አያ ተገኘ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሳቃቸው መጣ። ሁለቱ ሽማግሎች ተቃቅፈው ሲስቁ ሜዳው ሙሉ ሰው የሚያደርገው ጠፋው። አንዳንዱ እልል አለ፤ እኔ በዱላዬ ተደግፌ አለቀስሁ። አቧራ ነው ብያለሁ ለጠየቀኝ።

እርቁ ግን ጸጥታ አላመጣም። ከሜዳው ሳንወጣ አያ ተገኘ «ዱላውን የሠራሁት እኔ፣ እጁን ያገኘሁለት እኔ፤ ግቡ የላይ ቤት ነው» አሉ። አባባ ሞላ «አማቹ የማን ነው?» አሉ። ወደ ቤት እስክንገባ በዚህ ተከራከሩ፤ ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ ንግግር ነውና አያልቅላቸውም። ከፊታችን ጎበዙ እየጨፈረ ይሄዳል፤ አንዱም እንዲህ አለብኝ፦

በቀኙ ሲጽፍ ኖሮ ፊደል ሲደረድር፣
በግራው አሻገራት የአያ ተገኘን ሩር።

ብዙ ሰው አመሰገነኝ። እኔ ግን የማመሰግነው ማንን እንደ ሆነ አውቃለሁ። አትግዛ ያለኝን ነጋዴ፣ ቀርፋፋነቴን በማስረጃ ያሳየኝን መስፍንን፣ ራሴን የመለሱልኝን ርእሰ መምህር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሦስት ድንች ወርውረው ከአርባ ሦስት ዓመቴ ሥር የገዛ እጄን ቆፍረው ያወጡልኝን ሽማግሌ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አያ ተገኘ የአባባ ሞላን አጥር አልፈው ገቡ። «የመምህሩን ትከሻ ልይ ብዬ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። አባባ ሞላ ከመደቡ ላይ ተነሥተው የተሻለውን ቦታ ለቀቁላቸው። ትከሻዬን ማየቱ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እንኳ አያስደግምም። የቀረውን ጊዜ ግን እስከ ቀትር ተቀምጠው ስለ በሬ፣ ስለ ሙት፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለዚያች ግብም አወሩ። እኔን ከነመኖሬም ረሱኝ። ከስንዱ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጠን ዝም ብለን ሰማናቸው።

ሊሄዱ ሲነሡ አያ ተገኘ ትከሻዬን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት።

«እዚህ ጋ ያምሃል?»

አላመመኝም። ከዚያ ቀን የተሻለ ትከሻ ኖሮኝ አያውቅም። አባባ ሞላን ሰረቅ አድርጌ ሳያቸው፣ ዓይናቸውን አፌ ላይ ተክለው ይጠብቃሉ።

«ትንሽ» አልሁ።

«እንግዲያው ነገም መምጣቴ ነው» አሉ አያ ተገኘ።

«ከነገ ወዲያም ሳያስፈልገው አይቀርም» አሉ አባባ ሞላ፣ በትራቸውን እያቀበሏቸው።